ከኩንታሉ 15 ኪሎ ሲበሰብስ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን ሒሳብ ነው። ጣቢያ ልትቀይሩ እጃችሁን የሰደዳችሁ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከቲማቲም ነው።

ወረቀትና እስክሪብቶ በቅርብ ያለው ይያዝ። መሪ የጨበጠ ወይም ሊጥ የሚያቦካ ጆሮውን ብቻ ይስጠኝ። ከባድ ቁጥር አላመጣባችሁም፤ የመጣውንም ቀስ ብዬ እናገረዋለሁ።

በቅርቡ አዳማ ገበያ ውስጥ ቲማቲም ከሚያከፋፍሉ አንዲት እናት ዘንድ ቆሜ ነበር። ከመቂ በአይሱዙ ሌሊቱን የመጣ ቲማቲም ከእንጨት ሳጥኑ እየተገለበጠ ይለቀማል። ከታች ተጭኖ የመጣው ሳጥን ጭማቂው በስንጥቁ ይንጠባጠባል፤ ዝንቡም አልቀረም። እሳቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው ጫን እያደረጉ ደህናውን በቀኝ፣ የፈረጠውን በግራ ይጥላሉ። እጃቸው ሲሠራ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ሳያዩ ይለያሉ።

«እትዬ፣ ብዙ ተበላሸብዎት?» አልኳቸው።

«ዛሬስ ከኩንታሉ 15 ኪሎ ሄዷል።»

«ኪሎውን በስንት ገዙት?»

«በ34።»

እንግዲህ እኔ ሒሳብ አውቃለሁ ባይ ነኝ። ሳይጠይቁኝ መካሪ ሆንኩ። «15 በመቶ ከተበላሸ 15 በመቶ ዋጋ ይጨምሩበታ! የ34 ብር 15 በመቶ 5 ብር ከ10 ሳንቲም ነው። በ39 ብር ከ10 ቢሸጡት ገንዘብዎ ይመለሳል» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ በሱ ከሸጥኩማ ከስሬ ገባሁ። መነሻዬ 40 ነው። የኔ የምለው ከ40 በላይ ያለውን ነው» አሉና ወደ ልቀማቸው ተመለሱ።

ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። ትክክል ናቸው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ከመናገሬ በፊት ግን ከሥሩ እንጀምር፤ የሳቸውን ሒሳብ የምንረዳው ያኔ ነው።

«በመቶ» ማለት ስሙ እንደሚለው ከመቶው ስንት ማለት ነው። ኦሮምኛውም ቃሉን ያወጣው ከ«ዺባ»፣ ከመቶ ነው። ፐርሰንት የምንለውም ከላቲን የመጣ ሆኖ ትርጉሙ ያው ነው። ይህን ለመረዳት ጥቁር ሰሌዳ አያስፈልግም፤ ገበያ ውስጥ ሁለት መምህራን አሉልን። አንዱ ኩንታል ነው። ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ ከኩንታል 15 ኪሎ ሄደ ማለት 15 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ሌላው ብር ነው። አንድ ብር 100 ሳንቲም ስለሆነ 15 በመቶ ማለት በእያንዳንዱ ብር ላይ 15 ሳንቲም ማለት ነው። በ34 ብር ላይ 34 ጊዜ 15 ሳንቲም ሰብስቡ፤ 5 ብር ከ10 ይመጣላችኋል።

ለነገሩ በመቶ የሚለው ቃል ሳይለመድ በፊትም እኛ ነገሩን እንኖርበት ነበር። መሬቱን የእኩል ሰጥቶ የሚያሳርስ ገበሬ 50 በመቶውን ይወስዳል። ሩብ 25 ነው። ስሙኒ የምንላት ሳንቲምም የብር 25 በመቶ ናት። ቤተ ክርስቲያን የሚገባው አሥራት 10 በመቶ፣ ሙስሊሙ ከገንዘቡ የሚያወጣው ዘካ ከ40 አንድ፣ ማለትም 2 ከግማሽ በመቶ ነው። እምቢተኛዋ ሲሶ ብቻ ናት። መቶን ለሦስት ስናካፍል 33 ደርሶ አንድ ይተርፋል፤ ያንንም ደግሞ ለሦስት ማካፈል ሊኖርብን ነው። ስለዚህ ሲሶ 33 ከሲሶ በመቶ ናት። ራሷን በራሷ ካልጠራች አትነገርም።

አሁን አሰላሉን እንያዝ። ሁለት ቁልፎች ይበቃሉ፦ 10 በመቶ እና 1 በመቶ። 2,350 ብር አለን እንበል። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ። 10 በመቶው 235 ነው፤ ከመጨረሻው አንድ ዜሮ መጣል ብቻ ነው። 1 በመቶው 23 ብር ከ50 ነው፤ እንደገና ለአሥር ማካፈል ነው። ከነዚህ ከሁለቱ ሌላው ሁሉ ይሠራል። 5 በመቶ ለማግኘት የ235 ግማሽ፣ 117 ብር ከ50። 15 በመቶ ለማግኘት 235ን እና 117 ብር ከ50ን ደምሩ፣ 352 ብር ከ50። 7 በመቶ የሚፈልግ 23 ብር ከ50ን ሰባት ጊዜ ይውሰድ። ካልኩሌተር የያዘ ደግሞ ቁጥሩን በ15 አባዝቶ ለ100 ያካፍል፤ መንገዱ ሌላ ቢሆንም መድረሻው ያው ነው።

ተማሪ ቤት ሳለን ማንም ያልነገረን አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። የ25፣ 16 በመቶ ስንት ነው? በአፍ ሲጠየቅ ያስጨንቃል። ገልብጡት፤ የ16፣ 25 በመቶ በሉት። የ16 ሩብ 4 ነው። የሁለቱም መልስ 4 ነው፤ ማባዛት ወዲያና ወዲህ አያውቅም።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ወደ እናታችን እንመለስ። 100 ኪሎ በ34 ብር ሲገዛ 3,400 ብር ወጣ። 15 ኪሎው ወደ ግራ ተጣለ፤ በቀኝ የቀረው 85 ኪሎ ነው። እኔ ባልኩት በ39 ብር ከ10 ሳንቲም 85 ኪሎ ሲሸጥ የሚገኘው 3,323 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። 76 ብር ከ50 ጎደለ። ከአንድ ኩንታል ነው ይህ! የመጫኛውን፣ የቦታውን፣ የሳቸውን ድካም ገና አልቆጠርንም። እሳቸው ግን 3,400ን ለቀረው፣ ለ85 አካፈሉት። 40 ብር።

ከ34 ወደ 40 ጭማሪው 6 ብር ነው። 6 ብር የ34 ስንት በመቶ ነው? 17 ከግማሽ በመቶ በላይ፣ ወደ 17.6 ይጠጋል። 15 በመቶ የጠፋውን ለመመለስ 17.6 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል ማለት ነው። ለምን ቢባል፣ ጥፋቱ የተለካው ከመቶው ኪሎ ነው፤ ጭማሪው የሚሰበሰበው ግን ከሰማንያ አምስቱ ነው። የበሰበሰው ቲማቲም መዋጮ አያወጣም። እኔ ሁለቱንም 15 ብዬ አንድ ያደረግኳቸው ስማቸው ስለተመሳሰለ ነው። 15 በመቶ፣ ግን የምኑ? እኔ ያልጠየቅኩት እሱን ነው።

ያልተዋጠለት ካለ ነገሩን ይለጥጠው። ግማሹ ቢበሰብስስ? 50 በመቶ ጠፋ፤ ዋጋውን በ50 በመቶ ብቻ ብትጨምሩ ትከስራላችሁ። እጥፍ ማድረግ፣ መቶ በመቶ መጨመር ግድ ነው።

ይህቺው ወጥመድ ደረሰኝ ላይም ተጠምዳለች። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ቫት የምንለው፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ነው። 4,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ላይ 600 ብር ይጨመርና 4,600 ይሆናል። እስከዚህ ቀላል ነው። አሁን ከኋላ እንምጣ። ሻጩ «ቫትን ጨምሮ 4,600 ብር» ብሎ ሰጠን፤ ከዚህ ውስጥ ቫቱ ስንት ነው? ብዙ ሰው የ4,600ን 15 በመቶ ያወጣል። 690 ብር ያገኛል። ከላይ ግን ያስገባነው 600 ነበር! 90 ብር ከየት መጣ? ከቫቱ ላይ ደግመን ቫት ስላሰላን ነው የመጣው። 15 በመቶው የ4,000 ነው እንጂ የ4,600 አይደለም።

ትክክለኛው መንገድ እንደ ቲማቲሟ ነው። ዋጋው 100 ከሆነ ቫት ሲጨመርበት 115 ሆኗል። ስለዚህ 4,600ን ለ115 አካፍሉ፤ 40 ይመጣል። በ100 ስታባዙት 4,000፣ ዋናው ዋጋ። በ15 ስታባዙት 600፣ ቫቱ። ደረሰኝ የሚያዘወትሩ ደግሞ አቋራጭ አላቸው፤ ጠቅላላውን ለ23 አካፍሎ በ3 ማባዛት። 4,600 ለ23፣ 200፤ በ3፣ 600። አቋራጩ ከየት መጣ ለምትሉ፣ 15 እና 115 ሁለቱም ለ5 ሲካፈሉ 3 እና 23 ይሆናሉ።

አዳማ ስብሰባ የሚወዳት ከተማ መሆኗን የማያውቅ የለም። ለሁለት ቀን ሥልጠና የመጣ እንግዳ ማታ የዝዋይ ዓሣውን በልቶ ሒሳብ ሲቀርብለት አንዳንዴ ከታች ሁለት መስመር ያያል፤ የአገልግሎት ክፍያ 10 በመቶ፣ ቫት 15 በመቶ። «ሲደመር 25» ብሎ 1,000 ብር በበላበት 1,250 ይቆጥራል። የመጣበት ግን 1,265 ነው። አስተናጋጁን ከመቆጣቱ በፊት ሒሳቡን ይይ። 1,000 ላይ 100 ሲጨመር 1,100 ሆነ፤ ቫቱ የተሰላው ከዚህ ከ1,100 ላይ ነው፣ 165 ብር። ተደራራቢ በመቶዎች እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚያርፉት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይደመሩም።

ስለ ሽንኩርት ካነሳን፣ ኪሎው 50 ብር የነበረ ሽንኩርት በ20 በመቶ ጨመረ፤ 60 ገባ። በሳምንቱ 20 በመቶ ቀነሰ። ወደ 50 የተመለሰ የመሰለው አለ? 48 ነው የገባው። ሲወጣ የ50ን አንድ አምስተኛ፣ ሲወርድ የ60ን አንድ አምስተኛ ወስዷል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን የተደረገ ዕለት ብዙ ሻይ ቤት ውስጥ ክርክር ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዶላርን ይገዛበት የነበረው 57 ብር ከ48 ሳንቲም ወደ 74 ብር ከ73 ገባ። አንዱ «30 በመቶ» ይላል፣ ሌላው «23 በመቶ» ይላል፤ አንዱ አንዱን በውሸታምነት ይከሳል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ 17 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ይህ የ57 ብር ከ48 ሲሆን 30 በመቶ ነው፤ ዶላር በብር ሲለካ በ30 በመቶ ተወደደ። ያው 17 ብር ከ25 የ74 ብር ከ73 ሲሆን 23 በመቶ ነው፤ ብር በዶላር ሲለካ በ23 በመቶ ረከሰ። ዜና የሚጽፍ ሰው ከሁለቱ የፈለገውን ይመርጣል። እንድትደነግጡ ወይም እንድትረጋጉ የሚያደርጋችሁ ብዙ ጊዜ ያ ምርጫ ነው።

አዳማ ያላችሁ አሁን በመስኮት ወደ ኮረብታው ብታዩ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይታዩአችኋል። 2004 ዓ.ም. የተጠናቀቀው አዳማ አንድ 34 ተርባይኖች አሉት፤ 51 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። 2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች፣ 153 ሜጋ ዋት ነው። ለሒሳብ አስተማሪ የተሠራ ይመስላል፤ ሁለተኛው የአንደኛው ልክ ሦስት እጥፍ ነው። ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፦ አዳማ ሁለት ከአዳማ አንድ በስንት በመቶ ይበልጣል? «በ300» የሚላችሁ ልጅ ጥሩ ሞክሯል ግን ስቷል። የአዳማ አንድ 300 በመቶ ነው፤ የሚበልጠው ግን በ200 በመቶ ነው፣ የመጀመሪያው 100 ራሱ አዳማ አንድ ነውና። «የ» እና «በ» አንድ ፊደል ሆነው 51 ሜጋ ዋት ያህል ይለያያሉ። ገልብጡትና ደግሞ ጠይቁ፤ አዳማ አንድ ከአዳማ ሁለት በስንት ያንሳል? በ67 በመቶ ገደማ። ከሁለቱ ድምር፣ ከ204 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ አንድ ድርሻስ? ሩቡ፣ 25 በመቶ። 300፣ 200፣ 67፣ 25፤ ኮረብታው ላይ ግን አንድም ተርባይን አልተነቀለም፣ አልተተከለም።

ደመወዝተኞች ደግሞ አትቀየሙኝ፣ አልረሳኋችሁም። ደጋግሜ የምሰማው ፍርሃት አለ። «ደመወዜ 14,000 ላይ ነው፤ ትንሽ ከጨመሩልኝ 35 በመቶ የግብር እርከን ውስጥ ገብቼ ከበፊቱ ያነሰ ልወስድ ነው» የሚል። እርከን ውስጥ የሚገባው ጭማሪው ብቻ ነው እንጂ ሰውየው ከነሙሉ ደመወዙ አይገባም።

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፍላል። እስቲ 9,000 ብር የሚከፈለውን ሰው እንውሰድ። የመጀመሪያው 2,000 በነፃ አለፈ። የሚቀጥለው 2,000 በ15 በመቶ፣ 300 ብር። ቀጥሎ ያለው 3,000 በ20 በመቶ፣ 600 ብር። የመጨረሻው 2,000 በ25 በመቶ፣ 500 ብር። ድምሩ 1,400 ብር ነው። «25 በመቶ ውስጥ ነኝ» የሚለው ሰው ከጠቅላላ ደመወዙ የሚሄድበት 15 ከግማሽ በመቶ ግድም ነው። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ ሲሆን እሱ ግን እርከን የለውም፤ ከመሠረታዊ ደመወዙ ከራሱ ከመጀመሪያው ብር ይቆረጣል፣ 630 ብር። እጁ ላይ 6,970 ይገባል።

14,000 ላይ የቆመው ወዳጃችንስ? 100 ብር ቢጨመርለት 35 ብሩ ለግብር ይሄዳል፣ 7 ብር ለጡረታ፤ 58ቱ ይተርፈዋል። የታችኞቹ እርከኖች ካሉበት አይነቃነቁም። ጭማሪውን ይቀበል።

(ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

ሰዓታችን እየሄደ ነው። ለሳምንት የሚሆን አንድ ጥያቄ ልስጣችሁ፤ ይህን ራሳችሁ ሥሩት። የ60,000 ብር ዕቁብ አለ። ዕጣው የወጣለት ሰው አልቸኮለም፤ ሌላው አባል ግን ባጃጁ ተበላሽቶበት ገንዘቡ ዛሬውኑ ያስፈልገዋል። ተስማሙና ባለ ዕጣው ተራውን በ6,000 ብር ሸጠለት። ባለ ባጃጁ 60,000 ተቀብሎ ወዲያው 6,000ውን ከፈለ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ስንት ሰጠኸው?» ብትለው «10 በመቶ» አላት። እሷ ገበያ ነው የምትውለው፤ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠውን ገንዘብ ቆጠረችና «አይደለም፣ ከዚያ ይበልጣል» አለችው።

ስንት ቆጠረች? 6,000ውስ የዚያ ስንት በመቶ ነው? ሳምንት በዚሁ ሰዓት አብረን እንሠራዋለን፤ መልሳችሁን ጽፋችሁ ጠብቁኝ። ደህና ቆዩ።

(ሙዚቃ)